ዘፋኙ እንደተወው ይውጣ

በደሴ ፒያሳ፣ ስልክ በሚጠግኑና ዘፈን በሚጭኑ ሱቆች ደጃፍ ቆም ያለ ሰው አንድ ክርክር መስማቱ አይቀርም። የአንድ ያረፈ ዘፋኝ «ያልወጣ ሥራ» የተባለ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። አንዱ «ራሱ ነው» ይላል፣ ሌላው «ማሽን የሠራው ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከማን እንደተቀበለው እንኳ አያስታውስም። ዘፋኙ ማይክል ጃክሰንም ይሁን የሀገራችን ሰው፣ ሁሉም የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ቤተሰብና አሳታሚ ይዘው ያስቀመጡት ሁሉ ይውጣልን ይላሉ።

እኔም ይውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን «ይውጣ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ዘፋኙ እንደተወው ይውጣ። ሌላ ሰው የነካው ካለም ማን ምኑን እንደነካ በግልጽ ተጽፎ ይውጣ። ይህ የማይሆን ከሆነ ሥራው ተቆልፎ ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

ይህን ጉጉት የሟችን ሣጥን ከመበርበር የሚቆጥሩት ሰዎች አሉ። በዚህ አልስማማም። የወሎ ሰው ደግሞ ጉጉቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አምባሰልን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና ትዝታን እየሰማን ነው ያደግነው። በእነዚህ ቅኝቶች አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይዜምም። ማሲንቆ የያዘው ሰው ከታዳሚው ግጥም ይቀበላል፣ ዜማውን እንደ ስሜቱ ያረዝማል፣ አንዱን ስንኝ ትቶ ሌላ ያስገባል። የዛሬው ከትናንቱ ይለያል፤ ሁለቱም ግን የእርሱ ናቸው። ማሪቱ ለገሰን መድረክ ላይ ያየ ሰው «በካሴት ያለው ይበቃኛል» ሊል አይችልም።

ያልተጠናቀቀ ቅጂ የሚሰጠንም ይህንኑ ነው። በታተመው አልበም ላይ ዘፋኙ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ግን ገና እየፈለገ ነው። ግጥሙ ያልደረሰለትን ቦታ በእንጉርጉሮ ይሞላዋል። ከፍ ያለ ድምፅ ይሞክርና ይተወዋል፣ ይስቃል፣ «ከመጀመሪያው እንያዘው» ይላል። ለዓመታት በቃሌ የያዝሁትን ዘፈን ገና ሳይወለድ ስሰማው የምወደው ሰው ሲያስብ ያየሁት ያህል ይሰማኛል። አድናቂ ይህን ቢመኝ ስግብግብነት አይደለም። አሳታሚው ይህን ጥሬ ድምፅ ወስዶ በአዲስ ከበሮ፣ በአጃቢ ዘፋኞችና በእንግዳ ድምፅ ሲሞላው ግን የተመኘነውን ነገር ራሱን ያጠፋዋል።

የማይክል ጃክሰን ታሪክ እዚህ ላይ በደንብ መነገር አለበት፤ አድናቂዎቹ የከፈሉት ዋጋ ትልቅ ነውና። ያረፈው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009 ነው። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር «ማይክል» የተሰኘ አሥር ዘፈኖች ያሉት አልበም ወጣ። ከአሥሩ ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ጀርሲ ውስጥ በወዳጆቹ ቤት ተቀዱ የተባሉ ነበሩ። ገና ሲሰሙ ጥርጣሬ ተነሣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እርሱን ሲያዳምጡ የኖሩ ሰዎች አተነፋፈሱና የድምፁ መንቀጥቀጥ የእርሱ አይደለም አሉ። ከገዛ ቤተሰቡ መካከልም እንዲሁ ያሉ ነበሩ። አሳታሚው ሶኒና የውርሱ አስተዳዳሪዎች የእርሱ ነው ብለው ጸኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት አድናቂ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረተች። የክሱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አምኜ ገዛሁ፣ የተጻፈው እውነት አይደለም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ሦስቱ ዘፈኖች ከኢንተርኔት ማዳመጫዎች ወረዱ፤ ምክንያቱ ግን የድምፁ ትክክለኛነት ጉዳይ አይደለም ተባለ። በዚያው ዓመት ተከራካሪዎቹ በስምምነት ጨረሱ። ድምፁ የማን እንደሆነ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ሳይኖር፣ አድናቂው ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል «ተታልያለሁ ወይስ አልተታለልኩም» እያለ ኖረ። ያ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ዋናዎቹ ቅጂዎች እንዳሉ ለሕዝብ ቢቀርቡ ኖሮ ጆሮ ራሱ በፈረደ ነበር።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየውም የዚያው ሰው ውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 «ኤክስኬፕ» የተባለው አልበም ሲወጣ ስምንት ዘፈኖች በዘመኑ አቀናባሪዎች እጅ ታድሰው ቀረቡ። በሰፊው እትም ላይ ግን የስምንቱም የቀድሞ ቅጂዎች አብረው ተካተቱ። «ላቭ ኔቨር ፌልት ሶ ጉድ» የሚለውን በአዲሱ ቅንብር መደነስ የፈለገ ይደንስበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ከዘፋኙና ደራሲው ፖል አንካ ጋር የሠራውን፣ በፒያኖ የታጀበውን መስማት የፈለገም ይሰማል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ምርጫው የእኔ መሆኑን ግን ከሁሉ በላይ አከብራለሁ።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2016 ሲያርፍ ኑዛዜ አልተወም። ሥራዎቹን ያከማቸበት ካዝናም ተሰርስሮ ተከፈተ። ከዚያ ከወጡት መካከል እ.ኤ.አ. በ1983 ተቀድቶ በ2018 የታተመው ቅጂ አንድ ሰው በቤቱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሲሻገር ያሰማል፤ ሌላ መሣሪያ አልተጨመረበትም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የወጣው የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ዘፈንም አለ። ያረፈው የባንዱ አባል ጆን ሌነን በቤቱ በካሴት የቀዳውን ድምፅ ከፒያኖው ለመለየት ኮምፒውተር ረድቷል። ድምፁ ግን የራሱ ነው፤ እንዴት እንደተለየና ማን ምን እንደጨመረም በይፋ ተነግሯል። ስለዚህ ቅሬታዬ ከማሽኑ ጋር አይደለም። ከመደበቅ ጋር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ሟቹ ራሱ ቢጠየቅ ይፈቅድ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሃውስ እ.ኤ.አ. በ2011 ካረፈች በኋላ የሙዚቃ አሳታሚው የዩኒቨርሳል የብሪታንያ ኃላፊ ያልተጠናቀቁ ቅጂዎቿን ማጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ2015 ተናግሯል፤ ሌላ ሰው ቆራርጦ እንዳይሸጣቸው ብሎ ነው። ሐሳቡ ንጹሕ ይመስለኛል። ድርጊቱን ግን ልቀበለው አልችልም። ቁልፍ እያለ እሳት ለምን? የተቆለፈ ድምፅ ነገ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በሌላ ልብ ሊያየው ይችላል። የጠፋ ግን ጠፋ። ዘፋኙ በሕይወት ሳለ «ይህ አይውጣ» ብሎ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ይከበር፤ እዚያ ላይ አድናቂ ምንም መብት የለውም።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እዮብ መኮንን በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ካረፈ ከዓመታት በኋላ «እሮጣለሁ» የተባለው አልበሙ ወጥቷል። ሃጫሉ ሁንዴሳም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተገደለ ከአንድ ዓመት በኋላ አዲስ አልበሙ ለአድማጭ ደርሷል። ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ነገር ግን የእኛ ዘፈን ብዙ ባለቤት አለው፤ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። የዜማ ደራሲው ዜማውን በራሱ ድምፅ በስልክ ቀድቶ ለዘፋኙ የሚልክበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለ ቅጂ ከእጅ አምልጦ የዘፋኙ ስም ሲለጠፍበት የሁለት ሰው መብት ይጣሳል፤ አድማጭም ይታለላል። አሁን ደግሞ የማንንም ድምፅ የሚኮርጅ ሶፍትዌር በየስልኩ ገብቷል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅን ድምፅ «የእርሱ ነው» ብሎ ማሰራጨት በሟቹ አፍ ያላለውን ማስባል ነው። የፒያሳ ልጆች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ ከዚህ ክርክር የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በየቤቱ የሠርግ፣ የመንዙማ፣ የባህል ዘፈን የተቀዳባቸው ካሴቶች አሉ፤ ስማቸው ከአካባቢያቸው ያላለፈ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ድምፅ በውስጣቸው አለ። የአልበም ዕድል ያላገኙት የእኛ ዘፋኞች ያልወጣ ሥራ ማለት ይህ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምና እርጥበት የካሴት ክር ያሻግታል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች ሲያልፍ ዝርፊያ ደርሷል። ኮምፒውተር ሲወሰድ ውስጡ የነበረው ድምፅም አብሮ ሄዷል። ስለ ማይክል ጃክሰን ካዝና እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከር ወጣት አያቱ ቤት ያለውን ካርቶን ገልጦ አለማየቱ ያሳዝነኛል።

ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ባለሙያዎችንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ድምፁን «እናጽዳው» ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት እንዳለ ቅዱት፤ ሳሉም፣ የውሻ ጩኸቱም፣ የታዳሚው እልልታም ይግባ። የጸዳው ሁለተኛ ፋይል ይሁን። በፋይሉ ስም ላይ የዘፋኙ፣ የማሲንቆ መቺው፣ የቀጂው ስም፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ ዓመቱ በግምት ከሆነ በግምት መሆኑም ይጻፍ። አንድ ቅጂ ለሟቹ ቤተሰብ ይሰጥ፤ ከቤት ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን እነርሱ ይወስኑ። ካሴት በእጃችሁ ያለ ሁሉ ደግሞ ገና ማጫወቻ ውስጥ ሳታስገቡት በጠርዙ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ቀዳዳዎቹ በወረቀት ተደፍነው ከሆነም ወረቀቱን አውጡ፤ አለበለዚያ በስህተት የተነካ ቁልፍ ሌላ ድምፅ ይቀዳበታል።