እርማት፦ አስፋልት ሰደድ እሳትን አያቆምም
"እሳቱ ገና ከመንገዱ ማዶ ነው፣ አስፋልቱ ያቆመዋል" ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በደረቅና ነፋሻማ ቀን ዋናው አደጋ ነፋስ ይዞት የሚበረው ፍም ነው። መንገድ ቀርቶ ወንዝም ይሻገራል፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊያርፍም ይችላል። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ወይም ግድግዳ ስር የተደረደረ እንጨት ካገኘ በቃ፣ ቤቱ ተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያዋ ፓራዳይዝ ከተማ ስትቃጠል፣ አመድ ከሆኑት ቤቶች አጠገብ አረንጓዴ ዛፎች ቆመው ታይተዋል፤ ብዙዎቹን ቤቶች የለኮሰው በዛፎቹ በኩል የመጣ ነበልባል ሳይሆን ፍም ነበር ማለት ነው። አንድ ቤት ከነደደ ደግሞ እሱ ራሱ ጎረቤቱ ላይ ፍም ይረጫል። አሸንዳህን ጥረግ፣ ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር አታስቀምጥ። ውጡ ከተባለ ደግሞ እባክህ ነበልባሉን እስክታይ አትጠብቅ።