ጋቢ ትከሻ አይጠግንም

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ በተካሄደ የምስጋና መድረክ አንድ የቀን ሠራተኛ ተሸለመ። ባለፈው ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሁለት ሕፃናትን ሲወስድ ዘሎ ገብቶ ያወጣቸው ወጣት ነው። ጋቢ አለበሱት፣ የምስክር ወረቀት ሰጡት፣ ፎቶ ተነሡ። ከታዳሚዎች አንዱ ተነሥቶ የወጣቱ ትከሻ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ እስካሁን እንዳልዳነ፣ መታከሚያና መቋቋሚያ ቢመደብለት መልካም እንደሆነ ተናገረ። የመድረኩ መሪ ግን ጀግንነት በገንዘብ እንደማይተመን፣ ክፍያ ከተጀመረ ለገንዘብ ብሎ ወንዝ የሚገባው እንደሚበዛ መለሱ። አዳራሹም አጨበጨበ።

ለገንዘብ ብሎ! ነሐሴ ላይ ከደሴ ተራሮች የወረደ ጎርፍ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ሲመጣ፣ ካሣ አገኛለሁ ብሎ የሚወረወር ሰው የት ነው ያለው? ይኑር እንበል። ሕፃናቱን በሕይወት ይዞ እስከወጣ ድረስ ሐሳቡ ምን እንደነበር ለእናታቸው ምኗ ነው? ለአበል ሲል መድረክ የሚያዘጋጅ እንጂ ለአበል ሲል ጎርፍ የሚገባ ሰው አላየሁም።

ደግሞስ ደመወዝ ይቆረጥለት ያለ ማን አለ? የተጠየቀው የጉዳት ካሣ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ትቶት የሄደን ይቀጣል። ይህ ወጣት ዳር ቆሞ ቢጮህ ኖሮ ሕጉ ከዚያ በላይ አይጠይቀውም ነበር። እሱ ሕግ ካቆመበት አልፎ ሄደ፤ እኛ ደግሞ እዚያው ጥለነው ተመለስን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንይ። አንድ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን ከአደጋ ለማዳን ሲል፣ ማንም ሳያዘው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን ከተጎዳ ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠርለታል። እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ መጋዘን ከእሳት ሲያድን ትከሻው የተሰበረ ካሣ ይገባዋል ማለት ነው። መጋዘን ያዳነ ካሣ፣ ሕፃን ያዳነ ጋቢ! ሕግ አውጪው መጋዘን ያዳነውን ሠራተኛ ሲያስብለት ሰው እሳት ለኩሶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያለ ይመጣል ብሎ አልፈራም። ጥርጣሬው ለድሃው ሲሆን ብቻ ከየት መጣ?

ወጣቱ ጫኝና አውራጅ ነበር። ሲሚንቶ ይሸከምበት የነበረው ቀኝ ትከሻው ዛሬ የሻይ ብርጭቆ ወደ አፉ አያደርስለትም፤ በግራው ነው የሚጠጣው። ወጌሻ አሽቶታል፣ ሐኪም አይቶታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አለው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ መድኅኑ ግን የቀን ገቢውን አይተካም። አብሽር ያላለው ሰው የለም። የቤት ኪራዩን የከፈለለት የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ነው። ለቀብር ከተዋጣ ገንዘብ ላይ ቀንሶ፣ ያለ ባነርና ያለ ካሜራ።

ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ላይ የኦፓል ማዕድን ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ሲቀበሩ፣ እነሱን ለማውጣት ናዳው ሥር የገቡት የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ። በወሎ ገጠርም ሆነ ከተማ፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። እርግጥ የወሎ ሰው ነገ ሌላ ሕፃን ጎርፍ ቢወስደው ካሣውን ሳያሰላ ይገባል። መድረክ መሪውም የሚተማመኑት በዚሁ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ደግነት ላይ ተደላድሎ መቀመጥ ደግሞ ብልጠት እንጂ አስተዳደር አይባልም።

በጀት የለም እንዳይባል፣ የዚያ ቀን ወጪ ይፋ ይሁን፦ ባነሩ፣ አዳራሹ፣ ምሳው፣ የእንግዶቹ ውሎ አበልና ነዳጅ። የወጣቱም የሕክምና ደረሰኝ ከጎኑ ይለጠፍና የትኛው እንደሚበልጥ እንይ።