እርማት፦ «ቦስ ላይ መርዝ አይሠራም» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ ፋይናል ፋንታሲ 10 የሚባለው ጌም ላይ ጋጋዜት ተራራ ስለሚገጥመን ቦስ (ከባድ ጠላት) ሲይሞር ፍላክስ የሰጠኸውን ምክር አነበብኩት። «ቦስ ላይ መርዝ አይሠራም፣ ተራህን አታባክን፣ ሌቭል አሳድግና ተመለስ» ብለሃል። ይህቺ ወሬ እኛ ለገጣፎ ጌም ቤት ውስጥም ስትዞር የኖረች ናት። በሰዓት እየከፈልን ሌቭል ስናሳድግ የተጠቀመው ባለቤቱ ብቻ ነው።

መርዝ የማይነካቸው ቦሶች መኖራቸው እውነት ነው። ፍላክስ ግን ከእነሱ አይደለም። የቡድንህ አስማተኛ ሉሉ ባዮ የሚባለውን የመርዝ አስማት ከጣለችበት፣ ከ70,000 ሕይወቱ በየተራው 1,400 ይሸረፋል። ብቻውን አይገድለውም፤ ግን አንተ ቡድንህን ስታክም እንኳ እሱ እያለቀ ነው።

ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጥልህ የሌቭል ማነስ ሳይሆን ዞምቢው ነው። ፍላክስ በጦሩ ወግቶ ከቡድንህ አንዱን ዞምቢ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ አብሮት ያለው ፍጡር ፉል ላይፍ የሚባለውን ማዳኛ አስማት ይጥልበታል። ዞምቢ ላይ ማዳኛው መግደያ ነዋ! ስለዚህ ጦሩ እንዳረፈ ወዲያው ዞምቢነቱን የሚያነሳውን ሆሊ ዋተር ስጠው። ፖሽን (ሕይወት መሙያውን) እንዳትሰጠው፣ ራስህ ነህ የምትጎዳው። (እኔ ሰጥቻለሁ፤ ከኋላዬ ቆመው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።)

ኤዮን (ተጠርቶ የሚዋጋልህን ፍጡር) ጥራ ያልከው ይሠራል። ግን ፍላክስ አንድ ተራ ብቻ ነው የሚፈቅድለት፣ ከዚያ ያባርረዋል። ኦቨርድራይቩ (ልዩ ጥቃቱ) ሳይሞላ ኤዮኑን አትጥራው።