የድራይቨር እርማት ከተላከው መስመር አልፎ ይነበብ

በሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት በሆነው ኮድ) ውስጥ የድራይቨሮችን፣ ማለትም መሣሪያዎችን የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን፣ የስህተት አያያዝ ለማስተካከል የሚላኩ እርማቶች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መስመሮች ስለማይበልጡ በጥድፊያ ታይተው ሊያልፉ ይችላሉ። እኔ ግን ጠበቅ ያለ ግምገማ የሚያሻቸው በተለይ እነዚህ ናቸው እላለሁ፤ ምክንያቱም ስህተት ሲፈጠር ብቻ የሚሠራ ኮድ በተለመደው ፍተሻ አይነካም፣ ሜሞሪ እስኪጠፋ ወይም መሣሪያው መልስ እስኪነፍግ ድረስም ጉድለቱ ተሸሽጎ ይኖራል።

መሣሪያን ከኃይል ቁጠባ የሚቀሰቅሰውን «ፒኤም ረንታይም ጌት ሲንክ» የተባለውን ፈንክሽን (አንድ የተወሰነ ሥራ የሚፈጽም የኮድ ክፍል) እንውሰድ። ይህ ፈንክሽን መሣሪያውን ማንቃት ተስኖት የስህተት ቁጥር በሚመልስበት ጊዜ እንኳ የተጠቃሚዎችን ቆጠራ (መሣሪያውን ስንት የኮድ ክፍል እንደያዘው የሚያሳየውን፣ ዜሮ ካልሆነ መሣሪያው የማያርፍበትን ቁጥር) በአንድ ከፍ አድርጎ ይተወዋል። ሥራው ካልተሳካ የተያዘ ነገር የለም ብሎ የገመተ የድራይቨር ጸሐፊ ቆጠራውን ሳይቀንስ ስለሚወጣ፣ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ወደ ኃይል ቁጠባ መመለስ ያቅተዋል። ይኸው ግድፈት በበርካታ ድራይቨሮች ውስጥ በመገኘቱ፣ ሳይሳካለት ሲቀር ቆጠራውን ራሱ የሚመልስ ሌላ ፈንክሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ተጨመረ።

ይሁን እንጂ አሮጌውን ስም በአዲሱ መተካት ብቻውን እርማት አይሆንም። ከታች ያለው፣ ስህተት ሲፈጠር የተያዘውን ለቆ የሚወጣው የመውጫ ክፍል ቀድሞውኑ ቆጠራውን ይቀንስ ከነበረ፣ ከተተካ በኋላ ያው ቆጠራ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል፤ የመውጫው ክፍል ደግሞ ከተላከው እርማት ርቆ ስለሚገኝ ለገምጋሚው ላይታየው ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚው ሙሉውን ፈንክሽን ከፍቶ፣ በእያንዳንዱ «ጎቱ» (ወደ ሌላ የኮድ ቦታ የሚያዘልል ትእዛዝ) ላይ እስከዚህ ምን ተይዟል፣ ከዚህ ሲዘለል ምን ይለቀቃል፣ አለቃቀቁስ የአያያዙን ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይከተላል ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ያስታውስ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ማንነታቸውን ደብቀው፣ ጥቃቅን እርማት የሚመስሉ ነገር ግን ሆን ተብሎ ጉድለት የተከተተባቸውን ማስተካከያዎች ላኩ፤ ጉዳዩ ሲካረር በ2021 ዩኒቨርሲቲው አስተዋጽኦ እንዳያደርግ ታገደ። ሰዎችን ሳያስፈቅዱ መፈተናቸውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ለመሸሸጊያ የመረጡት ግን ትንንሽ እርማትን መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ከርነሉ የሜሞሪ ጥያቄ ሆን ተብሎ እንዲከሽፍ የሚያደርግ መፈተሻ አለው። እርማት የሚልክ ሰው የስህተቱን መንገድ በዚህ ወይም በሌላ ዘዴ አስኬዶ አይቶት እንደሆነ፣ ካላየውም በኮድ ንባብ ብቻ እንደደረሰበት በመልእክቱ በግልጽ እንዲጽፍ ሊጠየቅ ይገባል፤ ገምጋሚው የራሱን ንባብ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በዚያ ነውና።