የዋሻውን አየር ሳትለኩ ንጹሕ ነው አትበሉን

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ በተካሄደ ስብሰባ፣ ለሐዲድ ጥገና ሥራ የተመዘገበ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ዋሻ ውስጥ ስንሠራ ከአቧራው ምን ይጠብቀናል?» ብሎ ጠየቀ። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ ይኸው ነው፦ «የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር የተሠራው በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው። ጭስ የለውም፤ ጭስ ከሌለ ደግሞ ብክለት የለም።» ልጁ ተቀመጠ። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

እኔን ግን ነገሩ አላለፈኝም። የሰው ሳንባ ጉዳይ እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ያውም በተሳሳተ ዐረፍተ ነገር።

ይህን መልስ የሰጡት ኃላፊ ለስብሰባው የመጡት ከደሴ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው። ሐረጎን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ከፊታችሁ ጭነት የያዘ ተሳቢ ካለ፣ ቁልቁለቱ ላይ መስኮት ብትዘጉም አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የናፍጣ አይደለም፤ የፍሬን ነው። ሸራው ተፍቆና ደቅቆ አየር ላይ ተበትኖ ነው። ያንን መኪና ሞተሩን አውጥታችሁ ኤሌክትሪክ ብትገጥሙለትም፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሸራው መፋቁን አይተውም። ባቡርም እንደዚያው ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይፋጫል፤ ፍሬኑ ይፋቃል፤ ከላይ ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ክንድም ሽቦውን እየታከከ ያልፋል። ሜዳ ላይ ሲሆን ነፋስ ይወስደዋል። ዋሻ ውስጥ ግን ወለሉና ግድግዳው ላይ ይረጋል፤ ቀጣዩ ባቡር አየሩን እየገፋ ሲመጣ እንደገና ይነሣል።

ከስብሰባው ማግስት ሰፈሬ ያለ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሠራተኛው የበር ማጠፊያ ሲሞርድ ከወለሉ የጠረገውን ጥቁር ዱቄት ካርቶን ላይ አፈሰሰልኝ። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ከካርቶኑ ሥር ሳንቀሳቅስ ዱቄቱ እንደ ጸጉር ቆመና ማግኔቱን ተከተለ። ከምድር በታች ባሉ የባቡር መስመሮች የሚገኘው ብናኝም ዋናው ይዘቱ ብረት ነው። የብየዳ ቤቱ ግን በዓይን ይታያል። ያኛው ከጸጉር ውፍረት ብዙ እጥፍ ያነሰ በመሆኑ አፍንጫንና ጉሮሮን አልፎ ሳንባ ሥር ይገባል።

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጭስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ግን እዚያ የተለካው ደቃቅ ብናኝ በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ80 ማይክሮ ግራም በላይ ነበር፤ መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር ደግሞ 22 ያህል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓመታዊ አማካይ ያስቀመጠው ወሰን 5 ነው። የስቶክሆልም ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2005 በሳንባ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ብናኝ ከጎዳና ብናኝ ስምንት እጥፍ ያህል የሕዋሳቱን ዘረ መል (ዲ.ኤን.ኤ.) የሚጎዳ ሆኖ አግኝተውታል። ደቃቅ ብናኝ ለአስም፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚዳርግ ዛሬ የሚከራከር ሐኪም የለም። «ጭስ ከሌለ ብክለት የለም» የሚለው አባባል እነዚህ ሁለት ከተሞች ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይቆምም።

የእኛ ባቡር እንደ ለንደኑ በየሁለት ደቂቃው አይመላለስም፤ መንገደኛውም ዋሻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። ይህን እቀበላለሁ። ልጁ የጠየቀው ግን ስለ መንገደኛው አይደለም። ቡሎን ሊያጠብቅ፣ ጠጠር ሊያስተካክል፣ ሌሊት ሊጠብቅ እዚያው ውስጥ ሰዓታት ስለሚያሳልፈው ሰው ነው። የእሱ ሳንባ የተሳፋሪውን ያህል ዋጋ የለውም የሚል ካለ በግልጽ ይናገር።

መለኪያው መሣሪያ በሻንጣ የሚያዝ ነው። ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት አየሩ ይለካ፤ እየሠራም ይለካ፤ ቁጥሩም ኮምቦልቻ ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ወለሉ በደረቁ አይጠረግ፣ ውኃ ይረጭበት። ለሠራተኛው የሚሰጠው ጭንብል ጨርቅ ሳይሆን ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ይሁን፤ ሳንባውም ሥራ ሲጀምርና በየዓመቱ ይመርመር። ያንን ወጣት ያስቀመጡት ኃላፊም በሚቀጥለው ስብሰባ ስሙን ጠርተው ያስነሡትና የተለካ ቁጥር ይዘው ይመልሱለት።