ደላላው የእድራችን አባል ነው

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንዲት ባለሙያ ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል እየተዘረፉ ስለሚወጡ የአቦሸማኔ ግልገሎች ማስረዳት ጀምራ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ የተከበሩ ተወያይ አቋረጧት። «ሰው በሚሸጥበት አገር ስለ አቦሸማኔ ማውራት ቅንጦት ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ጥቂት ቆይቶ ወሬው ወደሚሸጡት ሰዎች ሲዞር ደግሞ እኚሁ ሰው «እነሱንም ቢሆን ማንም አላስገደዳቸውም፤ አደጋውን እያወቁ ወደው ነው የሄዱት» ብለው ዘጉት። አሁንም ተጨበጨበላቸው።

ለአውሬው እንዳናዝን ሰው አለ፤ ለሰው እንዳናዝን ሰውዬው ወዶ ሄዷል። እንዲህ ያለ ምቹ ርኅራኄ አይቼ አላውቅም። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ አንድ ምሽት እንቅልፍ አይነሳም።

«ወደው ነው» የምትለዋን ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የተገኙት 64 ኢትዮጵያውያን ለመታፈን ተስማምተው ነበር? በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳር አስከሬናቸው እንደ ቆሻሻ ተጥሎ የተገኘው 27 ሰዎችስ? ጅቡቲ ውስጥ ከኦቦክ ጀልባ የሚሳፈር የወሎ ልጅ የተስማማው ሳዑዲ ገብቶ ሠርቶ ለመብላት ነው። የመን ሲደርስ ሆሽ በሚሉት አጥር ግቢ ተቆልፎበት፣ እየተገረፈ፣ ለእናቱ እንዲደውል ሲገደድ ያ ስምምነት የት ገባ? አገራችን የተቀበለችው፣ የሰው ንግድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ማታለል ወይም ማስገደድ እስካለ ድረስ የተበዳዩ ፈቃድ ከቁጥር አይገባም ይላል። ተወያያችን ሕጉን ባያነቡ አልፈርድባቸውም። ጩኸቱን አልሰማሁም እንዳይሉ ግን አልፈቅድላቸውም።

ጩኸቱን ያልሰማ የለምና። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው የሚደወለው። አባት ያነሳል፤ ልጁ ይጮኻል፤ ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ድምፅ በጥሩ አማርኛ ወይም በጥሩ ኦሮምኛ የገንዘቡን ልክ ይናገራል። በማግስቱ በሬው ይሸጣል፤ የእኅቱ ወርቅ ይሸጣል፤ አልሞላ ሲል የልጁ ፎቶግራፍ በሸራ ላይ ታትሞ መኪና ላይ ይሰቀላል፤ «ወገን ድረስልን» እየተባለ በማይክሮፎን ይለመናል። ነጠላ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ አሥር ብርም መቶ ብርም ይጣልበታል። እኛም ጥለናል። ጥለን፣ እፎይ ብለን፣ ወደ ጉዳያችን ሄደናል።

ያ ገንዘብ የሚገባው ግን ሁልጊዜ ባሕር ማዶ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚላከው የሒሳብ ቁጥር የአገር ውስጥ ባንክ ነው። ባለቤት አለው፤ መታወቂያ አለው፤ ሒሳቡ ሲከፈት የተነሳው ፎቶግራፍ አለ። ልጁን ከመንደሩ ያስነሳው ሰውም የባሕር ጭራቅ አይደለም። ከታች ሰፈር የሚኖር፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳ፣ ሰርግ ላይ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። «እከሌ እኮ ለስንቱ እንጀራ የከፈተ ነው» ይባልለታል። ለቤዛው በተጠራው ልመና ላይ ከሁሉ አስበልጦ ይሰጣል፤ ስሙ በማይክሮፎን ይነበባል፤ እልል ይባልለታል። እናትየዋ ታውቀዋለች። ቄሱም ሼኩም ያውቁታል። ቀበሌው ያውቀዋል። ማንም ስሙን አይጠራም፤ ምክንያቱም የሌላው ልጅ ገና መንገድ ላይ ነው፤ የሦስተኛው ደግሞ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ግዴለሽነት ስንል የማያውቅ ሰው ግዴለሽነት አይደለም። እያወቁ መጋራት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ኤርትራዊውን የሰው ነጋዴ ኪዳነ ዘካርያስን አስታውሱ። ሊቢያ ውስጥ ስንቱን ያሰቃየ፣ የስንቱን ቤተሰብ ያራቆተ ሰው በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተያዘው አንድ ቀድሞ በእጁ የተሠቃየ ወጣት መንገድ ላይ አይቶት ስለለየው ነው። አንድ ልጅ፣ በገዛ ዓይኑ! ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት ከዚያው ከፍርድ ቤት አመለጠ። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ሱዳን ውስጥ እስኪያዝ፣ እንደልቡ ኖረ። ሲያመልጥ አገር መናወጥ ነበረበት። ስንት ቀን አወራንበት? የዚያን ሰሞን የእግር ኳስ ዝውውር ወሬ ከዚህ የበለጠ ያነጋገረን ይመስለኛል።

ወደ አቦሸማኔው ልመለስ፤ ቅንጦት ነው ተብሏልና። እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ግልገሎቹ ከተደበቁበት ሣር ወይም ቁጥቋጦ ይወሰዳሉ። ከሶማሌ ክልል ወደ ሶማሌላንድ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች። ያልተስማማቸውን የፍየል ወተት እየተጋቱ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው፣ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አውሬ በቤት ማሳደግን ከልክላለች፤ ገበያው ግን አልሞተም። በዓለም የቀሩት አቦሸማኔዎች ወደ 7 ሺህ ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። እስቲ ካርታውን ተመልከቱ፤ ሰዎቹ የሚሻገሩት ባሕር ይኸው ራሱ አይደለም? ያው ጠረፍ፣ ያው ሌሊት፣ ያው «እኔ ምን አገባኝ»። ግልገሉን ከረጢት ውስጥ አይቶ ያለፈ የኬላ ሠራተኛ ሰውን ከሸራ ሥር ሲያይ ለምን ይነቃል ብለን እንጠብቃለን? በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጥሎ ነበር። ጥሩ ተደረገ፤ ጭሱም ፎቶግራፉም አማረ። የባቢሌ ዝሆኖች ግን ዛሬም መገደላቸው አልቀረም።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በየመን፣ በአብያን የባሕር ዳርቻ ጀልባ ተገልብጦ ከ90 በላይ ሰዎች፣ በብዛት ኢትዮጵያውያን፣ አለቁ። ነፍስ ይማር አልን። የቀብሩ ወሬ ሳይደርቅ ከሟቾቹ ወረዳ ሌሎች ተነሱ፤ ያስነሳቸውም ሰው ያው የቀድሞው ነው ብዬ ብወራረድ የሚያሸንፈኝ ያለ አይመስለኝም።

ተወያያችን በመጨረሻ መፍትሔውን ሲጠየቁ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ» አሉ። ለማን? ልጇን ላጣችው እናት? ለሚቀጥለው ተሳፋሪ? የሰው ንግድን የሚከለክለው አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1178/2012 ነው፤ በግንዛቤ ማስጨበጫ አዳራሽና በሻይ ዕረፍት ብዛትማ ድህነታችንንም ባጠፋን ነበር።

የእኛን እድር መተዳደሪያ ደንብ አውጥቼ አነበብኩት። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ተከላ ያረፈደ ይቀጣል። ወርሃዊ መዋጮ በተከታታይ ያልከፈለ ይሰረዛል። የጎረቤቱን ልጅ ለደላላ ሰንሰለት ያስረከበ አባል ግን ምን እንደሚደረግ አንድም አንቀጽ የለም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲገባ አሳስባለሁ። የሚቃወም ካለ እጁን አውጥቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ ይቃወም።