ዋናው ሰነድ እስኪገኝ

ለስደተኛ ቪዛ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው ዋናውን ሰነድ ይዞ እንዲመጣ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ቅሬታዬ ዋናው ሰነድ እዚህ ጅማ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። እናቴ የተወለደችው ገጠር፣ እቤት ውስጥ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው የልደት የምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው በስተርጅና ነው። ይህንንም ተቀብለን፣ በዕድሜ የገፉ ምስክሮችን ይዘን ብንሄድ፣ ማህተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል ተባልን።

ወረቀቱ በመጨረሻ ሲወጣ ደግሞ፣ በፓስፖርቷ ላይ በላቲኑ «ኬ» የተጻፈው የአያቷ ስም፣ ቃሲም፣ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ አጻጻፍ መሠረት በ«ኪው» ሰፍሮ አገኘነው። ቁቤው ትክክል ነው፣ ፓስፖርቱም የራሱ ልማድ አለው፤ ነገር ግን ሁለቱን አስተያይቶ ለመጻፍ ፓስፖርቱን ገልጦ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር፣ እሱም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ያው አንድ ነው» ብሎ መመለስ ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ ቆንስሉ ፊት ቆማ የሁለት ስም ባለቤት አለመሆኗን የምታስረዳው ግን እናቴ ናት። እንዲታረም ብንጠይቅ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጡ ተባልን፤ የቀጠሮው ቀን እየቀረበ፣ አዲስ አበባም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ። ሰነዱ ከመታተሙ በፊት ረቂቁ ለባለቤቱ ይነበብለት፣ ከፓስፖርቱም ጋር ይመሳከር፤ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።